ለዋንጫው ማን ይግባ?

በትምህርት ቤታችን ግቢ በዕረፍት ሰዓት ሁለት ተማሪዎች ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲከራከሩ የሰማ መምህር ስለ ትምህርት የሚነጋገሩ መስሎት ደስ ቢለው፣ ቀረብ ሲል ደስታው ይቀንሳል፤ ክርክሩ ስለ ኳስ ነውና። ስለ ኳስም ቢሆን ነገሩ የሚጦፈው ትናንት ማን አሸነፈ በሚለው ላይ አይደለም። እርሱ ተቈጥሮ ያለቀ ነገር ነው። ክርክሩ የሚጦፈው ቦታው ጥቂት፣ ፈላጊው ብዙ የሆነ እንደሆነ ነው። አራት ቡድን ብቻ በሚያልፍበት ውድድር አምስተኛው «እኔ እበልጥ ነበር» ማለቱ አይቀርም፤ ወዳጆቹም አብረውት ይላሉ፤ ከዚያ በኋላ ደወል ካልተደወለ በቀር የሚያቆማቸው የለም። ይኸው ክርክር በሰኞ ገበያ ዙሪያ ባሉት ሻይ ቤቶችም፣ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው መኪና ውስጥም ይሰማል።

በዚህ ጽሑፍ የውድድር ቦታ በምን በምን መንገድ እንደሚታደል፣ እያንዳንዱም መንገድ የት ላይ እንደሚያነክስ ለማስረዳት እሞክራለሁ። በመካከሉ አንድ ትልቅ ነገር አለ፤ እርሱም መላው አፍሪካ ስለ ቦታ ሲል ከዓለም ዋንጫ የቀረበት፣ የአገራችንም ሰው ግንባር ቀደም የሆነበት ክርክር ነው። አንባቢ ከውጭ አገር መጻሕፍት ጋር ለማስተያየት እንዲመቸው ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቈጣጠር ጽፌአቸዋለሁ፤ በእኛ አቈጣጠር የሆነ እንደሆነ «ዓ.ም.» እጨምርበታለሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ ሁለት ጥያቄዎችን መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው «የሚሻለው ማነው?» የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው «የሚገባው ማነው?» የሚለው ነው። ሲሰሙአቸው አንድ ይመስላሉ። በሬ ሊገዛ ገበያ የወጣ ገበሬ ጥርሱን ገልጦ ያያል፣ ሻኛውን ይዳብሳል፣ ወዲያና ወዲህ አስኪዶ አረማመዱን ይመለከታል፤ ከዚያም «ይህ ይሻላል» ብሎ ይፈርዳል። ይህ የዐዋቂ ግምት ነው፤ በሬው ግን በፊቱ አላረሰም። ሌላው ገበሬ ደግሞ በሬዎቹ በጎረቤቱ ማሳ ላይ ሲያርሱ ውሎ፣ ስንት ትልም እንዳወጡ ቈጥሮ ይወስናል። መልኩ ያማረው በሬ በማሳው ላይ የሰነፈ እንደሆነ የመጀመሪያው ገበሬ «ቀኑ ከፍቶበት ነው እንጂ በሬስ እርሱ ነበር» ይላል፤ ሁለተኛው «ትልሙ ይኸውና» ይላል። የኳስ ክርክር ሁሉ ከእነዚህ ከሁለቱ ገበሬዎች ከአንደኛው ጋር የቆመ ነው።

የመጀመሪያውን ገበሬ መንገድ በትልቁ ይዘው የሚገኙት አሜሪካኖች ናቸው። በኮሌጆቻቸው መካከል የሚደረግ፣ እነርሱ ፉትቦል የሚሉት፣ ሞላላ ኳስ በእጅ ተይዞ የሚሮጥበት ጨዋታ አለ። በከፍተኛው ክፍል ያሉት ቡድኖች ከ130 ይበልጣሉ፤ አንዱ ቡድን ግን በዓመት የሚጫወተው 12 ወይም 13 ጊዜ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ሁሉም ከሁሉም ጋር ሊገናኝ አይችልም። አንዱ ከኃይለኞች ጋር፣ ሌላው ከደካሞች ጋር ተጫውቶ፣ ሁለቱም «አልተሸነፍሁም» ሊሉ ይችላሉ። ይህን ለመፍረድ ከ2014 ጀምሮ 13 ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ ተሰይሞ ለመጨረሻው ውድድር የሚገቡትን አራት ቡድኖች ይመርጥ ነበር።

በ2023 የሆነው ነገር የዚህን መንገድ ጠባይ በደንብ ያሳያል። የፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ቡድን 13 ጊዜ ተጫውቶ 13 ጊዜ አሸነፈ። ነገር ግን ጨዋታውን የሚመራው ተጫዋች በውድድሩ መጨረሻ ግድም እግሩ ክፉኛ ተጎድቶ ነበርና፣ ኮሚቴው ያለ እርሱ ቡድኑ የቀድሞው ቡድን አይደለም ብሎ ገመተ፤ አንድ ጊዜ የተሸነፈውንም የአላባማን ቡድን መረጠ። አንዲት ጨዋታ ሳይሸነፍ ከደጅ የቀረ ቡድን! ፍሎሪዳ ስቴት በኋላ ለዋንጫ ባልሆነ ሌላ ጨዋታ ከጆርጂያ ጋር ተገናኝቶ፣ ብዙዎቹ ተጫዋቾቹ ሳይሰለፉ፣ 63 ለ 3 ተሸነፈ። የኮሚቴው ደጋፊዎች «አላልንም?» አሉ። የቡድኑ ወዳጆች ደግሞ ቦታውን የተነጠቀ ቡድን በምን ልቡ ይጫወታል ብለው መለሱ። አላባማም ቢሆን በሚቀጥለው ጨዋታ ኋላ ሻምፒዮን በሆነው በሚሺጋን ተሸንፎ ቀረ። ከ2024 ጀምሮ ቦታው ከ4 ወደ 12 ከፍ ተደርጎአል። ይሁን እንጂ ቀድሞ ያለቅስ የነበረው አምስተኛው ነበር፤ አሁን የሚያለቅሰው 13ኛው ነው።

በእኛ አገር የሚሠራበት የሁለተኛው ገበሬ መንገድ ነው፤ ይኸውም ሊግ የሚባለው ነው። ሁሉም ከሁሉም ጋር አንድ ጊዜ በሜዳው፣ አንድ ጊዜ በተጋጣሚው ሜዳ ይጫወታል፤ ላሸነፈ 3፣ አቻ ለወጣ 1 ነጥብ ይሰጣል። (በአባቶቻችን ጊዜ ላሸነፈ የሚሰጠው 2 ነበር፤ በዓለም ዋንጫ 3 የሆነው ከ1994 ጀምሮ ነው።) ከሁሉ የቀናው መንገድ ይህ ነው፤ ነገር ግን ብዙ ቀንና ብዙ ገንዘብ ይፈልጋል። አገር ሰፊ፣ መንገድም ሩቅ የሆነ እንደሆነ ቡድኖቹ በምድብ መከፈላቸው ግድ ነው፤ ጣጣውም የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። ከፍተኛ ሊጋችንን የተከታተለ ሰው ያስታውሰዋል፤ በ2011 ዓ.ም. የውድድር ዓመት ቡድኖቹ በሦስት ምድብ ተከፍለው ሲጫወቱ ወደ ፕሪሚየር ሊግ የወጡት የየምድቡ አንደኞች ብቻ፣ ማለት ሰበታ ከተማ፣ ወልቂጤ ከተማና ሀዲያ ሆሳዕና ናቸው። እንዲህ ባለው ደንብ በከባድ ምድብ ሁለተኛ የወጣ ቡድን በቀላል ምድብ አንደኛ ከወጣው ቢበልጥስ? ሊበልጥ ይችላል። ለማወቅ ግን መንገድ የለም፤ የተጫወቱት ከተለያዩ ሰዎች ጋር ነውና ነጥባቸው በአንድ ሚዛን ላይ አይቀመጥም። የምድቡ አንደኛ ይለፍ ማለት ቢያንስ አንድ በጎ ነገር አለው፤ የቀረው ሁሉ ያለፈውን ቡድን በሜዳ አግኝቶታል፣ ለማሸነፍም ዕድል ነበረው። ያላየው ሰው አልፈረደበትም።

ሊጉም ቢሆን እኩል ነጥብ ሲመጣ ይጨነቃል። ለምሳሌ ያህል ሦስት ክፍሎች፣ 9ኛ ሀ፣ 9ኛ ለ እና 9ኛ ሐ ተጫወቱ እንበል። ሀ ለን 1 ለ 0 አሸነፈ፤ ለ ሐን 4 ለ 0 አሸነፈ፤ ሐ ደግሞ ሀን 2 ለ 1 አሸነፈ። ሦስቱም 3 ነጥብ አላቸው። «እርስ በርስ ሲገናኙ ማን አሸነፈ?» ቢባል እንደ እሽክርክሪት ዞሮ ከተነሣበት ይደርሳል። የግብ ልዩነት ቢቈጠር ለ 4 አግብቶ 1 ገብቶበታልና ቀዳሚ ይሆናል፤ ሀ 2 አግብቶ 2 ገብቶበታልና ሁለተኛ ነው፤ ሐ 2 አግብቶ 5 ገብቶበታልና መጨረሻ ይወጣል። የሀ ልጆች ግን «ለን በሜዳ ላይ አሸንፈነው ሳለ እንዴት ከእኛ በላይ ይቀመጣል?» ብለው ይቈጣሉ፤ የተቈጡትም ያለ ምክንያት አይደለም። አንዳንድ ውድድሮች የእርስ በርስ ውጤትን፣ አንዳንዶቹ የግብ ልዩነትን ያስቀድማሉ። ከሁለቱ የትኛው እንደሚሻል ዓለም እስካሁን አልተስማማም፤ በእኔ አስተያየት የእርስ በርሱ ይበልጣል፤ በደካማ ቡድን ላይ ግብ ማከማቸት ብዙም ጀግንነት አይደለምና።

የተጀመረው ውድድር ባያልቅስ? በ2020 የኮሮና በሽታ ዓለምን ሲይዝ ይህ ጥያቄ በየአገሩ መጣ። የፈረንሳይ ሊግ ባለበት ቆሞ እስከዚያ በተያዘው ነጥብ ለፓሪስ ሴንት ዠርሜን ዋንጫ ተሰጠው፤ ከታች የነበሩትም ወረዱ። የእኛ ፌዴሬሽን ግን የ2012 ዓ.ም.ን ውድድር እንዳልነበረ ቈጥሮ ሰረዘው፤ ሻምፒዮንም፣ ወራጅም፣ ወደ አፍሪካ የክለቦች ውድድር የሚሄድ ቡድንም አልነበረም። ማን ትክክል እንደሠራ የሚጠይቀኝ ሰው ቢኖር፣ አስቀድሞ የተጻፈ ደንብ ከሌለ መሰረዙ ይሻላል እላለሁ፤ አንደኛ የነበሩት ግን አይስማሙም።

አሁን ወደ ብሔራዊ ቡድናችን ልምጣ። በ2012 ለአፍሪካ ዋንጫ ለማለፍ መጀመሪያ ከቤኒን ጋር ተገናኝተን አዲስ አበባ ላይ 0 ለ 0፣ በእነርሱ አገር 1 ለ 1 ወጣን። ቀጥሎ ከሱዳን ጋር ኦምዱርማን ላይ 5 ለ 3 ተሸነፍን፤ በኦክቶበር 14 አዲስ አበባ ላይ በአዳነ ግርማና በሳላዲን ሰይድ ግቦች 2 ለ 0 አሸነፍን። ሁለቱን ጨዋታ ብንደምር 5 ለ 5 ነው። ያለፍነው በባዕድ ሜዳ የገባ ግብ ይበልጣል በሚለው ደንብ ነው፤ እኛ በእነርሱ ሜዳ 3 አግብተናል፣ እነርሱ በእኛ ሜዳ ምንም። ከቤኒንም ጋር ያሳለፈን ይኸው ደንብ ነበረ። በአሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው የተመራው ቡድን ከ1982 ወዲህ፣ ማለት ከ31 ዓመት በኋላ፣ አገራችንን ወደ 2013ቱ የአፍሪካ ዋንጫ መለሳት።

እንግዲህ አንድ የሱዳን ተማሪ ቢጠይቀን ምን እንላለን? እኩል ግብ አግብተን ሳለ ለምን እናንተ? ግብ ግብ ነው፤ በአንዱ ሜዳ ከባድ፣ በሌላው ቀላል የሚሆንበት ምክንያት ምንድን ነው? ጥያቄው ከንቱ አይደለም። አውሮፓውያን ራሳቸው ይህን ደንብ በ1965 ጀምረው በ2021 ከውድድሮቻቸው አውጥተውታል። እኛ የምንመልሰው አንድ ነገር ነው፤ ደንቡ የመጀመሪያው ኳስ ከመለጋቱ በፊት ተጽፎ ነበር፤ ሁለታችንም አውቀነው ገባን። ሱዳኖችም አምስተኛውን ግብ ሲያገቡ የእኛ ሦስቱ ግቦች ምን ያህል ከባድ እንደሆኑ ያውቁ ነበር።

ይኸው ደንብ የሚባል ነገር በሚቀጥለው ዓመት ሌላውን ፊቱን አሳየን። ለ2014ቱ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ በጁን 2013 ቦትስዋናን በሜዳዋ 2 ለ 1 አሸነፍን። ከስምንት ቀን በኋላ አዲስ አበባ ላይ ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 አሸነፍን፤ ሕዝቡም ምድቡን አንደኛ ሆነን አለፍን ብሎ ወደ ጎዳና ወጣ። በዚያው ቀን ግን ከፊፋ ወሬ መጣ፤ ቦትስዋና ላይ በሁለት ቢጫ ካርድ መቅረት የነበረበት ተጫዋች ተሰልፎአልና ነገሩ ይመረመራል የሚል ነበር። ሦስቱ ነጥብ ተወሰደ፤ ጨዋታውም 3 ለ 0 እንደተሸነፍን ተቈጠረ። በሜዳ ላይ ያሸነፍነው በወረቀት ጠፋ ማለት ነው። ቡድናችን ተመልሶ በሴፕቴምበር 7 ብራዛቪል ላይ የመካከለኛው አፍሪካን ቡድን 2 ለ 1 አሸንፎ የምድቡን አንደኝነት ዳግመኛ ወሰደ። በመጨረሻው ደርሶ መልስ ጨዋታ በናይጄሪያ 2 ለ 1 እና 2 ለ 0 ተሸንፈን ቀረን። በዚያ ጨዋታ ከማን ጋር እንደምንገናኝ ሲወሰን ቡድኖቹ በፊፋ የደረጃ ሰንጠረዥ በሁለት ተከፍለው ነበር፤ ከፍ ያለ ደረጃ ያላቸው እርስ በርሳቸው አይገናኙም። እዚህ ላይ የገበያው ገበሬ ቀስ ብሎ በጓሮ በር ገብቶ ነበር ለማለት ይቻላል።

እስከዚህ ያነሣኋቸው ክርክሮች ደንብ ከተጻፈ በኋላ የሚነሡ ናቸው። ከሁሉ የሚከብደው ግን ደንቡን ራሱን ማን ይጽፋል የሚለው ነው። ለዚህም ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል።

የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በፌብሩዋሪ 1957 ካርቱም ላይ ሲቋቋም መሥራቾቹ አራት አገሮች ነበሩ፤ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ። ከመሥራቾቹ አንዱ የእኛው ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው። በዚያው የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ተደረገ። ኢትዮጵያ የምትጋጠመው ከደቡብ አፍሪካ ጋር ነበር፤ የደቡብ አፍሪካ መንግሥት ግን ወይ ነጭ ብቻ፣ ወይ ጥቁር ብቻ ካልሆነ የተቀላቀለ ቡድን አልክም አለ፤ ስለዚህም ከውድድሩ ወጣ። እኛም አንድ ጨዋታ ሳንጫወት ለፍጻሜ ደረስን፤ በፍጻሜውም ግብፅ 4 ለ 0 አሸነፈችን፤ አራቱንም ያገባው አድ ዲባ የተባለ አንድ ሰው ነው። ያለ ጨዋታ የተገኘ ቦታ ብዙም አልጠቀመንም፤ ነገር ግን አዲሱ ማኅበር ለዘር መድሎ ቦታ አልሰጥም ማለቱ ከዋንጫው በላይ የሚታወስ ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ያችኑ ግብፅን (ያን ጊዜ የተባበረው ዐረብ ሪፑብሊክ ትባል ነበር) በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፈን ዋንጫውን ወሰድን። የቡድኑ አለቃ ሉቻኖ ቫሳሎ ነበር፤ የመጨረሻይቱን ግብ ያገባው መንግሥቱ ወርቁ ነው።

እንዲህ ያለ ቡድን በዓለም ዋንጫ ቢታይ ምን ያደርግ ነበር? ይህን ለማወቅ ቦታ ያስፈልጋል፤ ቦታው ግን አልነበረም። ለ1962ቱ የዓለም ዋንጫ የአፍሪካን ማጣሪያ ያሸነፈችው ሞሮኮ ከዚያ በኋላ ደግሞ ከአውሮፓዊቱ ከእስፔን ጋር ተጋጠሚ ተብላ 1 ለ 0 እና 3 ለ 2 ተሸንፋ ቀረች። ለ1966 እንግሊዝ አገር ለሚደረገው ውድድር 16 ቦታ ነበር። ፊፋ ሲያከፋፍል ለአውሮፓ ከአዘጋጇ ጋር 10፣ ለደቡብ አሜሪካ ከባለ ዋንጫዋ ከብራዚል ጋር 4፣ ለሰሜንና ለመካከለኛው አሜሪካ 1 ሰጠ። የቀረችውን አንዲት ቦታ ለአፍሪካ፣ ለእስያና ለኦሴያንያ በአንድነት ሰጠ። አንባቢ ልብ ይበል፤ የሦስት ክፍለ ዓለም ሕዝብ ለአንዲት ወንበር ይሻማ ማለት ነው።

በዚያኛው ወገን የነበረው ምክንያት የታወቀ ነው፤ የአፍሪካ ኳስ ገና አልበሰለም የሚል ነበር። ይህ የገበያው ገበሬ ቃል ነው። የእኛ ወገን መልስ ደግሞ፣ ማሳውን ሳትሰጡን አለማረሳችንን በምን ዐወቃችሁ የሚል ነበር። በዚህ ላይ ፊፋ ታግዳ የነበረችውን ደቡብ አፍሪካን በ1963 እንደገና መቀበሉ ቁጣውን አባሰው። የጋናው የስፖርት ኃላፊ ኦሄኔ ጃንና የእኛው ይድነቃቸው ተሰማ የነገሩ መሪዎች ሆነው ለአፍሪካ አንድ ሙሉ ቦታ እንዲሰጥ ጠየቁ። ሳይሆን ሲቀር በ1964 ለማጣሪያው የተመዘገቡት 15 የአፍሪካ አገሮች፣ ኢትዮጵያም ጭምር፣ በአንድነት ወጡ። ፊፋም የገንዘብ መቀጫ ጣለ።

ይህ ውሳኔ ዋጋ ያስከፈለ ነበር። በ1963 እና በ1965 የአፍሪካን ዋንጫ በተከታታይ የወሰደው የጋና ቡድን በጉልበቱ ጊዜ ሳይታይ ቀረ፤ ጋና የዓለም ዋንጫን ያየችው በ2006 ነው። የ1954 ዓ.ም. ጀግኖቻችንም የመሞከር ዕድል እንኳ ሳያገኙ ጫማቸውን ሰቀሉ። ተጫዋች ዕድሜው አጭር ነው፤ ኮሚቴ ግን ዕድሜው ረጅም ነውና፣ እንዲህ ያለውን ክርክር የሚያሸንፈው ኮሚቴ ሲሆን ዋጋውን የሚከፍለው ተጫዋች ነው። እንዲያም ሆኖ መውጣታቸው ትክክል ነበር ባይ ነኝ። በተጣመመ ደንብ ገብቶ ከተሸነፉ በኋላ ደንቡ ጠማማ ነው ማለት እንደ ሰበብ ይቈጠራል፤ ሳይገቡ በፊት ያሉት እንደሆነ ግን ይሰማል።

የ1966ቱ ውድድር ራሱ ምስክር ሆነ። አፍሪካ የወጣችበትን ያን ቦታ አውስትራልያን አሸንፋ የወሰደችው ሰሜን ኮርያ ናት። ማንም ያልገመታት ያች አገር ሚድልስብሮ ላይ ታላቋን ኢጣልያን 1 ለ 0 አሸንፋ አስወጣቻት። ቀጥሎም ፖርቱጋልን 3 ለ 0 ስትመራ ቆይታ 5 ለ 3 ተሸነፈች፤ ከአምስቱ ግቦች አራቱን ያገባው ኡዜቢዮ ነበረ፤ እርሱም በውድድሩ 9 ግብ አግብቶ ከሁሉ በለጠ። ኡዜቢዮ የተወለደው ሞዛምቢክ ውስጥ ነው። የአፍሪካ ኳስ አልበሰለም ሲባል የአፍሪካ ልጅ በሌላ አገር ማልያ የዓለምን ግብ ይቈጥር ነበር።

ከዚያ በኋላ ለ1970 ለአፍሪካ አንድ ሙሉ ቦታ ተሰጠ፤ የወሰደችውም ሞሮኮ ናት። በመንገዷ ላይ ከቱኒዝያ ጋር ሦስት ጊዜ ተጫውታ ሦስቱንም አቻ ስለ ወጡ በዕጣ አለፈች። ስንት ተከራክረው ያገኙት ቦታ በዕጣ! በ1974 ዛይር በዩጎዝላቭያ 9 ለ 0 ስትሸነፍ «አላልንም?» ባዮች ተመልሰው መጡ፤ በ1978 ግን ቱኒዝያ ሜክሲኮን 3 ለ 1 አሸነፈች። ቦታው በ1982 ሁለት፣ በ1994 ሦስት፣ በ1998 አምስት ሆነ፤ በ2022 ሞሮኮ ለግማሽ ፍጻሜ ደረሰች። ለ2026 አፍሪካ በቀጥታ ዘጠኝ ቦታ ተሰጥቶአታል፤ ከዘጠኙ አንዱን ካሜሩንን አስከትላ ምድቧን በአንደኝነት የጨረሰችው ትንሿ ኬፕ ቨርዴ ወስዳለች። ከ1972 እስከ 1987 የአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው የሠሩት ይድነቃቸው ተሰማ ይህን ሳያዩ በ1987 ዐርፈዋል።

አንድ ነገር ይቀረኛል። ቈጥሮ መወሰን የማይቻልበት፣ መምረጥ ግድ የሚሆንበት ስፖርት አለ፤ እርሱም ከኳስ ይልቅ ዓለም የሚያውቀን የማራቶን ሩጫ ነው። በኦሊምፒክ ለአንድ አገር የሚፈቀደው ሦስት ሯጭ ብቻ ነው፤ በእኛ አገር ደግሞ ቦታው የሚገባቸው ከሦስት እጅግ ይበዛሉ። ማራቶን በየሳምንቱ አይሮጥምና ሊግ ሊሠራለት አይችልም። ስለዚህ ወይ በሰዓት፣ ወይ በማጣሪያ ሩጫ፣ ወይ በአሠልጣኞች ግምት ይመረጣል። ለ2012ቱ የለንደን ኦሊምፒክ የሄዱት ሦስት ወንዶች በዚያው ዓመት ከ2 ሰዓት ከ5 ደቂቃ በታች የሮጡ ነበሩ፤ ሦስቱም ሩጫውን አልጨረሱም። በዚያው ለንደን ከእነርሱ ጋር የተላከችው ቲኪ ገላና ግን በሴቶች ወርቅ አመጣች። በ2024 ለፓሪስ ታምራት ቶላ በተጠባባቂነት ተይዞ ሳለ ሲሳይ ለማ በጉዳት ሲቀር ተተካ፤ በኦገስት 10 በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሴኮንድ የኦሊምፒክን ክብረ ወሰን ሰብሮ ወርቁን ወሰደ። መራጮቹ ተሳስተዋል ለማለት ያስቸግራል፤ ተጠባባቂ አድርገው የያዙት እነርሱ ናቸውና። ነገር ግን አራተኛ የተባለው ሰው ከሁሉ በልጦ ሲገኝ ያየ፣ የገበያውን ገበሬ ሲሰማ ጥቂት ፈገግ ማለቱ አይቀርም።

ከዚህ ሁሉ ለእኛ የክፍል ለክፍል ውድድር የሚሆን ጥቂት ነገር ይገኛል። ጨዋታው ከመጀመሩ ከአንድ ሳምንት በፊት በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ይለጠፍ፤ ስንት ቡድን እንደሚያልፍ፣ እኩል ነጥብ ቢመጣ መጀመሪያ የእርስ በርስ ውጤት፣ ቀጥሎ የግብ ልዩነት፣ ቀጥሎ ያገቡት ግብ እንደሚታይ፣ በዝናብ ምክንያት የተቋረጠ ጨዋታ ከየት እንደሚቀጥል ይጻፍ። የየክፍሉ አለቆችም አንብበው ይፈርሙበት፤ የማይስማማ ክፍል ካለም ያን ጊዜ ይናገር። ይህ ሁሉ አልፎ ዕጣ የግድ የሆነ እንደሆነ ደግሞ፣ ዕጣውን የሚያወጣው የየትኛውም ክፍል ተጠሪ ያልሆነ መምህር መሆኑ አብሮ ይጻፍ።